የሙከራ ሰዓት ሳምቡሳ አስከፈለኝ፤ ታዲያ ጥሩ መኪና በምን ይለያል?

የከዚራው፦
ሰላም ነው አቦ? ፎርሙላ ዋን የምታዩ እስቲ ጠጋ በሉ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።

በ2019 የባርሴሎናው የቅድመ ውድድር ሙከራ ሲያልቅ ሰንጠረዡ አናት ላይ ፌራሪ ነበር። የፌራሪው ፌተል 1:16.221፣ የመርሴዲሱ ሃሚልተን 1:16.224። ልዩነቱ ሦስት ሺህኛ ሰከንድ ናት። እኔም ደሜ ፈላና "ዘንድሮ ቀዩ ነው" ብዬ ከሰፈር ልጅ ጋር ተወራረድኩ። መያዣው የአንድ ወር ሻይና ሳምቡሳ። አውስትራሊያ ላይ ቦታስ በመርሴዲስ አሸነፈ፣ ሃሚልተን ተከተለ። ፌተል አራተኛ ወጣ፣ ያውም ከአሸናፊው 57 ሰከንድ ርቆ። ወር ሙሉ ከፈልኩ። ልጁ ደግሞ ከአራት ሳምቡሳ በታች አይነሳም።

ከዚያ ወዲህ ሙከራ በመጣ ቁጥር አፌን ይዤ ነው የምቀመጠው። ግን እስከ መቼ? ሰዓቱ የሚያታልል ከሆነ ምኑን ልይ? መኪናው መንገድ መያዙን፣ የአየር ቅርጹ መሥራት አለመሥራቱን ከስልክ ላይ መለየት ይቻላል ወይ?

ዝምተኛ፦
አይቻልም። ሳምቡሳህን ብላ።

ደንገጎ በሁለተኛ፦
ይቻላል እንጂ።

ስሜን ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ከሚያወርደው ከደንገጎ ቁልቁለት ነው ያመጣሁት። ስንት ዓመት በሁለተኛ ማርሽ ወርጄዋለሁ። አሁን መንዳቱን ትቼ ሳቢያን ጋራዥ ነው የምውለው። አንድ ነገር ልንገርህ። ሙሉ ጭኖ የሚወርድ አይሱዙና ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ አንድ መኪና አይደሉም። የጫነው ኩርባ ላይ ይከብዳል፣ ፍሬን አስቀድሞ ይለምናል፣ ጎማው ያቃስታል። ጭነቱን ሳታይ "ይሄ ፈጣን፣ ያ ቀርፋፋ" ብትል ይሳቅብሃል።

የሙከራ ሰዓትም እንዲያ ነው። በዚያ ዓመት መኪናው ለውድድር እስከ 110 ኪሎ ነዳጅ ይዞ ይነሳ ነበር። 10 ኪሎ ነዳጅ በአንድ ዙር 0.3 ሰከንድ ገደማ ይበላል። አስላው፣ በባዶና በሙሉ መካከል ሦስት ሰከንድ አለ። ሦስት ሰከንድ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ይገለብጠዋል። ማን ስንት ኪሎ እንደጫነ ደግሞ የሚነግርህ የለም። ሞተሩንም ሙሉ አይከፍቱትም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጭልጥ ነው ጨዋታው።

ስለዚህ ሰዓቱን ተውና እጁን እይ። የሹፌሩን እጅ። ባህሬን ላይ ከዘጠነኛው ወደ አሥረኛው መታጠፊያ የሚገባበትን ቦታ ፈልግ። እዚያ ጋ እየታጠፈ ነው ፍሬን የሚይዘው። የግራ የፊት ጎማው ጭነት ስለማይኖረው ትንሽ ከበዛበት ይቆለፋል፣ ጭሱን ታየዋለህ። ጥሩ መኪና ላይ ሹፌሩ መሪውን አንዴ ያዞራል፣ ያቆየዋል፣ ይመልሰዋል። አለቀ። መጥፎው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መሪው ዞሮ አፍንጫው "አልሰማም" ይላል። ሹፌሩ ይጨምርበታል፣ ነዳጅ ለመስጠት ይዘገያል። አንደርስቲር የሚሉት እሱን ነው። ሌላው ኋላው የሚያመልጥ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ጭራው ይወጣል፣ እጁ በተቃራኒው ቱክ ቱክ እያለ ይመልሰዋል። ኦቨርስቲር። አንዴ ቢሆን ግድ የለም። በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ከደገመው ግን ነገር አለ።

ድምፁንም ስማ። ነዳጅ መቼ እንደተረገጠ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ያውቃል። አንዴ ረግጦ የማይለቅ ሹፌር መኪናውን አምኖታል። ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ የሚለው ገና እየለማመጠው ነው።

404 ሐረር፦
ጋሼ ደንገጎ፣ አንድ ቅሬታ አለኝ። አባቴ ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲ ነበረው። የዚያን መሪ ስትይዝ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ እጅህ አያርፍም። ሩብ ዙር ባዶውን ይዞራል። ከውጭ ለሚያይህ እስክስታ ላይ ያለህ ነው የምትመስለው። መኪናው ግን ከፈረስ መጋላ ሸዋ በር በሰላም ያደርስሃል። እጅ ብቻውን ምስክር አይሆንም ለማለት ነው።

ደንገጎ በሁለተኛ፦
የአባትህ መሪ መጠበቅ ነበረበት። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሜካኒካል አራተኛ ዓመት፦
404 በቀልድ ቢያመጣውም ቁም ነገር አለው። አሎንሶ በ2005 እና በ2006 በሬኖ ሻምፒዮን ሲሆን መሪውን እንዴት እንደሚያዞር ፈልጋችሁ እዩ። መታጠፊያው መግቢያ ላይ በአንዴ ጥምዝዝ ነው የሚያደርገው። ለማያውቅ ሰው መኪናው እምቢ ያለው ይመስላል። ግን መኪናው ያንን ይወድ ነበር። ቬርስታፐን ደግሞ አፍንጫው ስል የሆነ መኪና ነው የሚፈልገው፤ ኋላው ቢቅበጠበጥ ግድ የለውም። ያንኑ መኪና ለቡድን ጓደኛው ስጡት፣ እንዴት እንደሚቸገር አይታችኋል።

እኔ የምለው፣ እጅ ስታወዳድሩ የአንዱን ቡድን ሁለት ሹፌሮች አወዳድሩ። ጠዋት አንዱ ይነዳል፣ ከሰዓት ሌላው። ሁለቱም አንድ መታጠፊያ ላይ ከተቸገሩ ጣጣው የመኪናው ነው።

ሙሸበክ፦
እናንተ እጅ እጅ ትላላችሁ፣ እኔ ደብተር ነው የያዝኩት። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቅ አለኝ። የዱቤ ደብተሬን በጀርባው በኩል ገልብጬ የዙር ሰዓት እጽፍበታለሁ። አንድ ቀን ደንበኛዬ ደብተሩን አየና "ይሄ ሁሉ አንድ ብር ከሠላሳ ስድስት የማን ዕዳ ነው?" አለኝ።

አንድ ዙር ለብቻው ምንም አይነግርህም። ሳይቆም አሥራ አምስት ዙር የሄደ ስታገኝ ግን እስክሪብቶህን አንሳ። ሂሳቡ የሱቅ ሂሳብ ነው። የባህሬን ውድድር 57 ዙር ነው። የዚያን ጊዜውን 110 ኪሎ ለ57 አካፍል፣ በዙር 1.9 ኪሎ ገደማ ይቃጠል ነበር። በጋሼ ደንገጎ ስሌት መኪናው በየዙሩ 0.06 ሰከንድ ያህል መፍጠን ነበረበት፣ እየቀለለ ነዋ። ጎማው ደግሞ እያለቀ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አሥራ አምስቱ ዙር ሰዓቱ ሳይነቃነቅ ከሄደ ነዳጁ የሰጠውን ያህል ብቻ ነው ጎማው የወሰደው። ይሄ ጤነኛ መኪና ነው። በየዙሩ ሦስት አራት አሥረኛ ሰከንድ የሚጥል ከሆነ ግን የመጀመሪያው ዙር ምንም ቢያምር ጎማ እየበላ ነው። ጎማ የሚበላው ስለሚንሸራተት ነው። የሚንሸራተተው ደግሞ አንዳንዴ አየሩ በደንብ ስላልተጫነው ነው። ሰዓቱን በትክክል ካነበብከው ወደ አየሩም ይወስድሃል።

2025ን አስታውሱ። ሦስቱ የባህሬን ቀናት ሲያልቁ ፈጣኑን ዙር የያዘው ሳይንዝ ነበር፣ በዊሊያምስ። ስንቱ ጮኸ! የማክላረኑ ኖሪስ ግን በሁለተኛው ቀን ምሽት ተከታታይ ዙሩን ሲያያይዘው ደብተሬ ላይ ለብቻው ታየኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ሻምፒዮኑ ኖሪስ፣ የቡድኑ ዋንጫም የማክላረን ሆነ። ዊሊያምስ አምስተኛ ወጣ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ሰንጠረዡ ያለው ሌላ ነበር።

404 ሐረር፦
የዚያን ጊዜ ነው አይደል ባህሬን ላይ መብራት ሄዶ ሙከራው የቆመው? እኔ የእኛ ቤት መስሎኝ ቆጣሪው ጋ ሮጥኩ።

የከዚራው፦
እህቴ ሙሸበክ፣ ምነው በ2019 ባገኘሁሽ ኖሮ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። አቅማቸውን የሚደብቁት ገብቶኛል። የሌላቸውን አቅም የሚያሳዩም አሉ አሉ። እውነት ነው?

ደንገጎ በሁለተኛ፦
የድሮ ጨዋታ ነው። በ2001 የፕሮስት ቡድን በሙከራ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር፣ አሌሲ ይዞት። ስፖንሰር ለመሳብ መኪናውን አቅልለው ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ዓመቱን በ4 ነጥብ ጨረሱ። በ2002 መጀመሪያ ቡድኑ ከሰረ። መኪና ሊሸጥ ሲል ቀለም የሚቀባውን ደላላ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ሜካኒካል አራተኛ ዓመት፦
አሁን ወደ አየሩ እንምጣ፣ እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው።

መኪናው አረንጓዴ ነገር ተለቅልቆ ሲወጣ አይታችኋል? ፍሎው-ቪዝ ይባላል። የሚያንጸባርቅ ዱቄት በላምባ ወይም ላምባ በመሰለ ቀጭን ዘይት ተበጥብጦ ነው። መኪናው ሲሮጥ አየሩ ቀለሙን ይጎትተዋል፣ ፈሳሹ ይደርቃል፣ መስመሩ ይቀራል። መስመሩ ፀጉር እንደተበጠረ ከተዘረጋ አየሩ ገጹን ይዞ ሄዷል። አንድ ቦታ ላይ ከተጠራቀመ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ አየሩ እዚያ ጋ ገጹን ለቋል። ከፊት ጎማ ጀርባ የሚታሰረው ወንፊት የመሰለ ብረት ደግሞ ሬክ ነው። የተደረደሩበት ቀጫጭን ቱቦዎች የአየሩን ግፊት ይለካሉ። እሱን የተሸከመ መኪና ሰዓቱ አይቆጠርም፣ ብዙ ጊዜ ቀጥታው ላይ አንድ ፍጥነት ይዞ ነው የሚሄደው። "እዩት ዘገየ" ብሎ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ ሰው ሲያናድደኝ!

ለምን እንዲህ ይለፋሉ? በነፋስ ዋሻ ውስጥ የሚፈትሹት ሞዴል ከእውነተኛው 60 በመቶ መብለጥ አይፈቀድለትም። ነፋሱም በሰከንድ 50 ሜትር ነው ጣሪያው፣ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የመፈተሻ ጊዜውም በደረጃ የተመጠነ ነው። ሻምፒዮኑ ከመነሻው 70 በመቶ፣ አሥረኛ የወጣው 115 በመቶ። መኪናው ግን ሜዳ ላይ ከ300 በላይ ይሮጣል። የአየር ጫና ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ዋሻ ውስጥ የተደበቀ ነገር ሜዳ ላይ ዱብ የሚለው ለዚህ ነው። እና ቡድኖቹ የሙከራ ቀን ዋና ሥራቸው መፍጠን አይደለም። ወረቀታቸውና መኪናቸው አንድ ነገር ማውራታቸውን ማየት ነው።

404 ሐረር፦
ዱብ ማለት እንደ 2022!

ሕጉ ተቀይሮ ወለሉ ሥር የአየር ቦይ የተፈቀደበት ዓመት ነው። ወለሉ መኪናውን ወደ መሬት ይስበዋል። ፍጥነት ሲጨምር አጥብቆ ይስበዋል። በጣም ሲጠጋ አየሩ ማለፊያ ያጣል፣ ጫናው በአንዴ ይጠፋል፣ መኪናው ብድግ ይላል። ብድግ ሲል አየሩ ይመለሳል፣ እንደገና ይሳባል። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ። ፈረንጆቹ ፖርፖይዚንግ አሉት፣ ስሙን ከባሕር እንስሳ ወስደው። እኛ ብንሆን ከግመል ነበር የምናወጣለት። የሹፌሩ ጭንቅላት ሲናጥ ያየ ሰው ሰንጠረዥ አያስፈልገውም ነበር።

መርሴዲስ ባርሴሎና ላይ እንደ ሰው ጎን ይዞ መጣ፣ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ያበጠውን ሳጥን ማለቴ ነው። ባህሬን ሲደርስ ጎኑን አራግፎ ወጣ። ሌላው ሁሉ በርጫ ላይ እንዳለ ሰው ጉንጩን ነፍቷል፣ የእሱ ጉንጭ ደግሞ ሙልጭ። ሰው ሁሉ "ወላሂ ጨርሰዋል" አለ። እኔም ብያለሁ፣ አልክድም። በዓመቱ ያሸነፉት አንድ ውድድር ነው፣ ራስል ብራዚል ላይ። በ2023 ሞናኮ ላይ ቅርጹን ተዉት።

ደንገጎ በሁለተኛ፦
እዩት እንግዲህ። ሁላችሁም ጉንጩን ስታዩ ጭንቅላቱን ያየ የለም። ኮፈን አይቶ መኪና የሚገዛ ሰው ጋራዤ ያመጣዋል። እኔ ቅርጽ አላውቅም። ቅርጹ የሠራ እንደሆነ መኪናው ራሱ ይናገራል።

ዝምተኛ፦
እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። በ2020 ባርሴሎና ላይ ሃሚልተን ቀጥታው ላይ መሪውን ወደ ደረቱ ሲስበው አየሁ። ከዚያ መልሶ ገፋው። ስልኬ የተበላሸ መሰለኝ።

ሜካኒካል አራተኛ ዓመት፦
ዳስ ይባላል። መሪውን ሲስበው የፊት ጎማዎቹ የሚያዩበት አቅጣጫ ይስተካከላል። ከመኪናው ላይ ካለው ካሜራ ነው ዓለም ሁሉ ያወቀው። ለ2021 ተከለከለ። ስለዚህ ከስልክም ይታያል።

ሙሸበክ፦
ሙቀትና ነፋስ አትርሱ። ድሬ ውስጥ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አስፋልት የተሻገረ ሰው ይሄን ለማስረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። የባህሬን ውድድር ማታ ነው፣ ሙከራው ግን ቀኑንም ይጨምራል። እኩለ ቀን ላይ ጎማው ይግላል፣ ኋላው ይንሸራተታል። ጠዋት ሜዳው አሸዋ ለብሶ ነው የሚያድረው። እኔ ደብተሬ ላይ ከሰዓቱ ጎን ጥ፣ ቀ፣ ማ እያልኩ እጽፋለሁ። ጥ ከጥ ጋር፣ ማ ከማ ጋር። የጠዋትን ከምሽት ጋር ያወዳደረ ሰው ሎሚን በሙዝ ዋጋ ሸጧል።

ነፋሱ ደግሞ ከፊት ሲመጣ ለክንፉ ተጨማሪ አየር ነው፣ መኪናው ይጣበቃል። ከኋላ ሲገፋ ጫናው ይቀንሳል። ትናንት ሸጋ የነበረ መኪና ዛሬ አራተኛው መታጠፊያ ላይ ሰፍቶ ቢወጣ መጀመሪያ ሌሎቹን እዩ። ሁሉም ከሰፉ ነፋሱ ነው።

404 ሐረር፦
ሐረር ላይ ውድድር ቢደረግስ? አየራችን ስስ ነው፣ እንደ እናንተ ምድጃ አይደለም።

ሜካኒካል አራተኛ ዓመት፦
ሜክሲኮ ሲቲ አለልህ፣ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር በላይ። ትልቁን ክንፋቸውን ገጥመው ይሄዳሉ፣ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ጫናው ትንሽ ነው። መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ቀጥታው ላይ ይበራሉ። ፍሬኑና ሞተሩም ለመቀዝቀዝ ይቸገራሉ። ደንገጎ አናት ላይም ያው ነው፣ ሜዳው ይሠራና።

ደንገጎ በሁለተኛ፦
ሜዳው ይቅርና አስፋልቱን ይጠግኑት።

የከዚራው፦
ከ2026 ወዲህ ግን መኪናው ሌላ ሆኗል። ይሄ ሁሉ ምክር ይሠራል?

ሜካኒካል አራተኛ ዓመት፦
እጁም፣ ተከታታይ ዙሩም ይሠራል። የቀጥታ መንገድ ፍጥነት ላይ ግን ተጠንቀቅ። ዲአርኤስ፣ ለመቅደም የኋላውን ክንፍ ብቻ የሚከፍተው ዘዴ፣ ቀርቶ የፊቱም የኋላውም ክንፍ ቀጥታው ላይ ይከፈታል። ከኃይሉ ግማሽ የሚጠጋው ከኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ቀጥታው መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ቢወርድ ክንፉ ትልቅ ሆኖ ነው ብለህ አትቸኩል። ባትሪው አልቆ ይሆናል። ወይም እንዲያልቅ አድርገውት።

ደንገጎ በሁለተኛ፦
የከዚራው፣ የአየሩን ነገር በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ላምባና ቀለም አያስፈልግህም። ከገጠር በፒስታ መንገድ የገባ፣ ሳጥኑ የተዘጋ አይሱዙ ፈልግ። ሳይታጠብ። ጎኑን እይ፣ ከዚያ ኋላውን እይ። ሌላ አልነግርህም።

የከዚራው፦
ሄጄ አየሁ ጋሼ።

አንድ አይሱዙ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆሟል፣ አቧራ ለብሶ። ጎኑ ላይ አቧራው ስስ ነው፣ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቀለሙ ወዲያው ታየ። መስመር መስመር ሠርቶ ወደ ኋላ ተኝቷል። ጥጉ ላይ ስደርስ መስመሩ በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ። ኋላ በሩ ላይ ደግሞ አቧራው እንደ ዱቄት ተደራርቧል፣ ከታች ወፍራም፣ ወደ ላይ እየሳሳ። መስመር የሚባል ነገር የለውም፣ ዝም ብሎ ተጠፍጥፏል። ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታው ከፊት ሆኖ ሳለ ይሄ ሁሉ አቧራ ኋላው ላይ ምን ይሠራል ብዬ ቆምኩ።

ሜካኒካል አራተኛ ዓመት፦
አየሩ ጥጉ ላይ ገጹን ለቀቀ። ኋላው ላይ ግፊቱ ዝቅ ያለ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። አየሩ እዚያ ተመልሶ ይሽከረከራል፣ ጎማው ያስነሳውን አቧራ ይዞ። የተደራረበው እሱ ነው። መኪናውን ወደ ኋላ የሚጎትተውም እሱ ነው።

የከዚራው፦
በሩ መሃል ላይ አንዱ ልጅ በጣቱ "ፌራሪ" ብሎ ጽፎበታል። ፎቶ ላነሳላችሁ ስል ረዳቱ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋበት።

ደንገጎ በሁለተኛ፦
ነገም ይመጣል። ከረዳቱ ቀድመህ ድረስ።